ወንድሜ የጠየቀኝ አፉታ

ሸዋ ሮቢት ላይ የፖሊዮ ዘመቻ በመጣ ቁጥር ተፈላጊ ሰው እሆናለሁ። በሌላው ጊዜ የሚፈልገኝ ሱሪ የሚያሳጥርና ዚፕ የሚያስቀይር ብቻ ነው። ዘመቻ ሲደርስ ግን ከጤና ጣቢያ አንዷ ትመጣና በገበያው ዳር ካለችው የስፌት ሱቄ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። መጀመሪያ ስለ ሙቀቱ ታወራለች። ቀጥላ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች። ከዚያ ዓይኗ ቀስ እያለ ወደ ግራ እግሬ ይወርዳል። ይህ እግሬ ከጉልበቱ በታች የማሽላ አገዳ ነው የሚያክለው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ክብደቴን ችሎ አያውቅም። ሐኪሞች «የልጅነት ልምሻ» ይሉታል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር…» ስትል አቋርጣታለሁ።

«ማንን ነው የማስፈራራልሽ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቻችንን አናስከትብም የሚሉ ቤቶች አይጠፉም። ሞንታርቦ ሲጮህ ውሎ አልሰማ ያለ ቤት፣ እኔን ሲያይ ይሰማል ብለው ያስባሉ። ደስ ብሎኝ የሄድኩበት ቀን የለም፤ ቀርቼም አላውቅም። ምርኩዜን አንስቼ ባጃጅ ላይ እወጣለሁ፣ እናቶቹ ፊት ሄጄ እቆማለሁ፣ እነሱም ከንፈር መምጠጥ ይጀምራሉ። ከንፈር ሲመጠጥልኝ አልወድም። ልጁ ጠብታውን ከዋጠ ግን ይሁን እላለሁ።

ከእነዚህ ቤቶች አንዱ የገዛ ወንድሜ ቤት ነበር። ዛሬ የማወራው ስለዚያ ቤት ነው። ወንድሜ አኼራ ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ አሁን ቢወራበት አይከፋውም።

እኔ እግሬን ያጣሁት ገና መራመድ ጀምሬ ሳልጠግበው ነው። ከዚያ ወዲያ እግሬ ወንድሜ ነበር። በዕድሜ ብዙም አይበልጠኝም፤ ግን ያኔ ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር። የተወለድንበት ቀበሌ ቀወት ወረዳ ውስጥ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከወንዝ ማዶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ይልልኛል፣ አንገቱን አንቄ እንጠለጠላለሁ፣ አዝሎኝ ይሻገራል። እኔን ክፍሌ አስቀምጦ ነበር ወደራሱ ክፍል የሚሮጠው። ልጆቹ «አህያው መጣ!» ብለው ሲስቁበት እሱም አብሯቸው እንደ አህያ ያናፋል። እኔ ከጀርባው ላይ ሆኜ እሳደባለሁ። የምላሴ ስለት ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ በእግሬ ሮጬ የማልደርስበትን በምላሴ እደርስበት ነበር።

አድጎ ገበሬ ሆነ፣ ማሽላና ማሾ አረሰ፣ አገባ። እኔ ስፌት ተምሬ ከተማ ገባሁ። በእጅ የሚዞረውን የስፌት መኪና አህያ ላይ ጭኖ ያመጣልኝ እሱ ነው። ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ነበር፤ እኔን ሲያዝል ወደዚያ ስለማደላ ነው ይለኝ ነበር እየሳቀ። ሸሚዝ ስሰፋለት አንዱን ትከሻ አሳጥሬ ነበር የምቆርጠው።

እግሬ እንዴት እንደሄደ በቤታችን የሚታወቅ ታሪክ ነበር። እናቴ ነበረች የምትነግረን። ያን ክረምት የግቢው ልጅ ሁሉ ሆዱን ታመመ። ወንድሜም ታሞ ጥቂት ተኝቶ ተነሳ። እኔ ግን ትኩሳቱ አልለቅ አለኝ። በየመንደሩ እየዞረ መርፌ የሚወጋ አንድ ሰው ነበር፤ እናቴ ጠርታ ግራ ታፋዬን አስወጋችኝ። በማግስቱ እንድረግጥ ብታቆመኝ ግራ እግሬ ታጠፈ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያን ሰው ስትረግም ኖረች። «መርፌው ነው ልጄን የሰበራት» ትላለች። ሰውየው ከወዴት እንደመጣ፣ ወዴትም እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ክፉ ያደረገብን የሩቅ ሰው ስለነበር እርስ በርሳችን የምንቀያየምበት ነገር አልነበረም። ይህ ለአንድ ቤተሰብ ትልቅ ዕረፍት መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር።

ወንድሜ ከእናቴ የወረሰው ይህንኑ ነው። «ከቤቴ መርፌ አይገባም» ይላል፤ ያለው ደግሞ አይነቃነቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልኩ ብተርበውም ይስቃል እንጂ አይመለስም። ልጆቹም የልጅ ልጁም በዘመቻ የሚመጣውን ጠብታ በአፋቸው ወስደዋል። ለመርፌው ጤና ኬላ ሂዱ ሲባሉ ግን ማንም አይሄድም።

ሁለት ሦስት ዓመት ጸጥታው ደፍርሶ ዘመቻው ሲቆራረጥ ከርሞ፣ ነገር ሲረግብ እንደገና ተጀመረ። ያን ጊዜ ሱቄ የመጣችው ነርስ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ልጅ ናት፤ ሙቀቱን ገና አልለመደችውም፣ ጃንጥላዋን ጥላም ሥር ሆና አታጥፈውም።

«እትዬ፣ የቸገረኝ የወንድምዎ ቤት ነው» አለችኝ። «የልጅ ልጃቸው አራት ዓመት ሊሞላት ነው። መርፌውን አንድ ጊዜም አላገኘችም።»

«እኔን ይዘሽ ብትሄጂ የሚሆን መስሎሽ ነው?»

«እርስዎን አይተው እንዴት እምቢ ይላሉ?»

ልነግራት ፈልጌ ነበር። ግን ወንድሜንም ናፍቄው ስለነበር ዝም ብዬ ምርኩዜን አነሳሁ። ባጃጁ እስከሚደርስበት ሄድን፤ ቀሪውን በእግር፣ እሷ የክትባት ሳጥኗን በትከሻዋ፣ እኔ በዝግታዬ። ወንድሜ ደጃፉ ላይ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ነርሷን ሲያይ መልሶ ጨለመ።

እሷ ጊዜ አላባከነችም። «ጋሼ፣ እህትዎን ይመልከቱ። የልጅ ልጅዎ እንደዚህ እንድትሆን ይፈልጋሉ?»

«ልጄ» አላት በትሕትና፣ «እኔ እህቴን ዕድሜ ልኬን ስመለከት ነው የኖርኩት። እንዲህ ያደረጋት መርፌ ነው። ለእኔ ምስክር ልትሆነኝ ነው እንዴ ያመጣሻት?»

ነርሷ የክትባት ሳጥኗን መሬት አስቀመጠችው። በሌላው ቤት የምታስፈራራባት እህት በዚህ ቤት ተቃራኒውን እንደምትመሰክር ከየት ታውቀው? ሳቄ መጥቶ ሻሼን አፌ ላይ አደረግሁ።

የወንድሜ ምራት ወጣችና ሰላም አለችን። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ በደሴ መንገድ ሲመላለስ የሚኖር ነው። ነርሷ ቶሎ ወደሚቀላት ሥራ ዞረች። «ከአምስት ዓመት በታች ስንት ልጅ አለ ቤት ውስጥ?»

«አንድ። ይችውልሽ» አለች ምራቱ፣ ልጅቷን ከቀሚሷ ሥር እየጎተተች።

ቃሏን ሳትጨርስ ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ምራቱ አላፈረችም፤ በእኛ አገር አርባ ያልሞላው ሕፃን አይቆጠርም። ልጅ ሲቆጠር ዓይን ይበላዋል ይባላል፤ አራስ ቤት ያለው ደግሞ ገና እንግዳ ነው። ነርሷ ወደ በሩ ፈጠን ስትል ምራቱ እጇን ዘርግታ አገደቻት።

«ፀሐይ የመታው ሰው አራስ ቤት አይገባም፣ እቴ። ሕፃኑን ምች ይመታብኛል። ላብሽ ይድረቅ መጀመሪያ።»

ነርሷ ወደ እኔ አየች። «ተቀመጪ» አልኳት። ቁርቁራው ሥር ተቀመጠች። በቆላ ላብ ቶሎ አይደርቅም። ያን ቀን ላቧ እስኪደርቅ ባትቀመጥ ኖሮ ጠብታዋን አድርጋ፣ በሩ ላይ በጠመኔ ጽፋ ትሄድ ነበር፤ ያ ሁሉ ወሬም ባልተወራ፣ ወንድሜም ያወቀውን ሳያውቅ በሞተ።

ስትቀመጥ ወንድሜ ውሃ አስመጣላት። ጠጣችና፣ ለመከራከር ሳይሆን ለጨዋታ በሚመስል ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ልምሻ የእግር በሽታ ይመስለናል እንጂ ቤቱ አንጀት ነው» አለችው።

«አንጀት?»

«አዎ። በአፍ ይገባል፣ አንጀት ውስጥ ይራባል፣ በሰገራ ይወጣል። ከዚያ በውሃ፣ በእጅ፣ ወደ ሌላ ልጅ አፍ ይሄዳል። ከብዙ ልጆች መሀል እግሩ የሚያዘው አልፎ አልፎ አንዱ ነው። ሌሎቹን ትንሽ ሆዳቸውን ይላቸዋል፣ ወይ ጭራሽ አያማቸውም። ግን ውስጣቸው ተቀምጦ ለሳምንታት ይወጣል።»

ወንድሜ ገመዱን ተወው።

«ጠብታው አንጀቱን ያስተምረዋል» አለች። «በሽታው ሲመጣ እንዳያስገባው፣ ቢገባም ቶሎ እንዲያባርረው። አንጀት ግን ይረሳል፣ ጋሼ። ዓመት ሲቆይ የተማረው ይደክምበታል። ልጅቷ ራሷ እግሯ ላይ ምንም ላትሆን ትችላለች፣ ግን በሽታው አንጀቷ ውስጥ ማደሪያ ያገኛል። መርፌው የሚያስፈልጋት ለዚህ ነው። ጠብታ ያልቀመሰ ልጅ መርፌ ብቻ ቢወጋ እግሩ ይተርፋል፣ አንጀቱ ግን እምብዛም አይዘጋም። ቀድሞ ጠብታ የወሰደ ልጅ ሲወጋ ግን አንጀቱ የረሳውን ያስታውሳል፤ ጠብታውን ደግሞ ከመስጠት እንኳ ይበልጥ ይጠነክራል።»

እኛ አንጀት የምናውቀው ሲራራና ሲያርር ነው፤ ሲማርና ሲረሳ አላየንም። ምራቱ ሳቀች። ወንድሜ አልሳቀም።

«ይህች ጤነኛ ናት» አለ ልጅቷን እያሳየ።

«እኔን የምታሳስበኝ ጤነኛዋ ናት። ውስጥ ያለውን ሕፃን የምትስመው፣ ጣቷን የምታጠባው እሷ አይደለችም?»

ወንድሜ የአራስ ቤቱን በር አየ። ከዚያ የጠየቃትን ጥያቄ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «ሆዱን ታሞ ቶሎ የዳነ ልጅ… እሱ ሌላውን ሊያስይዝ ይችላል?»

«ይችላል፣ ጋሼ።»

«መርፌውስ? በትኩሳት ላይ የተወጋውስ?»

ነርሷ የማን ታሪክ እንደሆነ አልገባትም። የምታውቀውን ነገረችው። «በሽታው ገብቶ ከሆነ መርፌ ሊያባብሰው ይችላል። አያመጣውም ግን። ያመጣውማ ቀድሞ ከሌላ ልጅ የመጣው ነው።»

እኔ ወንድሜን ነበር የማየው። እሱ ግን እኔን አላየኝም። ከእናቴ ጀምሮ ስንረግመው የኖርነው የሩቅ ሰው በዚያች ቅጽበት ከግቢያችን ወጥቶ ሄደ፤ በቦታው ማን እንደቆመ ለሁለታችንም ገባን። እንዲህ ያለ ሐዘን በሰው ፊት ላይ ሲወርድ አይቼ አላውቅም።

«ሕፃኑን አውጡት» አለ በመጨረሻ። «ይቺንም ቅዳሜ ጤና ኬላ አመጣታለሁ።»

ሕፃኑ ጠብታውን ዋጠ፣ ትንሿ ጣቱ ቀለም ተቀባች። ነርሷ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፤ በመንገድ ላይ «ሰመረልን፣ እትዬ!» አለችኝ። አዎ አልኳት። ቅዳሜ ወንድሜ ልጅቷን አዝሎ ጤና ኬላ እንደወሰዳት፣ መርፌው ሲገባ እሷ ሳታለቅስ እሱ እንዳለቀሰ ከምራቱ ሰማሁ።

በገበያ ቀን ሱቄ መጣ። እንደወትሮው ትንሽ ማሾ በከረጢት ይዞልኛል። ደንበኛው እስኪሄድ ጠብቆ ተቀመጠ።

«በአንድ ቅል ነበር የምንጠጣው» አለኝ። «ውሃ የማጠጣሽ እኔ ነበርኩ።»

«ምን ለማለት ነው?»

«ታውቂዋለሽ።»

ተናደድኩ። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። «አንተ ሰውዬ ታመሃል? ልጅ ነበርክ! የግቢው ልጅ ሁሉ ታሞ ነበር! ከማን እንደመጣ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው። ቀደር ነው፣ አላህ የወሰነው!»

«ቀደርነቱንማ አውቃለሁ፣ እቴ። መንገዱ ግን በእኔ በኩል ነው ያለፈው።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። በእኛ ተገላበጠ። እኔ የተወጋሁት ከረሳሁት ቆይቷል፤ እግሬን እንኳ የማስበው ደረጃ ሲያጋጥመኝ ነው። ያልወጋው እሱ ነው ሊረሳ ያልቻለው። ነርሷን ለምኜ ቤቱ ድረስ ላክኋት፤ ከየትኛው ልጅ እንደመጣ ማንም ሊያውቅ እንደማይችል፣ ልጅ ደግሞ ባላወቀው ነገር እንደማይጠየቅ በደንብ አስረዳችው። አመሰገናት፣ በቆሎ ጠብሶ አበላት፣ ሸኛት። ከዚያ በኋላ ሱቄ ሲመጣ ግን ከእግሬ ላይ ዓይኑን አይነቅልም፤ ስቆም ቶሎ ይነሳል፣ ምርኩዜን ያቀብለኛል። ዕድሜ ልኩን ያላደረገውን ነው የሚያደርገው። እሱ እኮ ነበር በዓለም ላይ እግሬን የማያይ ብቸኛው ሰው። ያንን ሰው ተነጠቅሁ፤ ይህን ሳስብ ነበር ሱቄን ዘግቼ የማለቅሰው።

በሚቀጥለው ዓመት ጉበቱን ታመመ። ደብረ ብርሃን ወሰዱት፣ መልሰው አመጡት። የአገሩ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው መጣ። በእኛ ዘንድ እንዲህ የታመመ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ አፉታ ይጠይቃል፤ ያስቀየምኩህ ነገር ቢኖር አፉ በለኝ ይላል፣ ያኛውም አፉ ብዬሃለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ ብሎ ይመልሳል። ወሰን የተጋፉትም፣ ውሃ ጠልፈው የተጣሉትም ተራ በተራ እየገቡ ተባብለው ወጡ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ተራዬ እንዳይደርስ እጸልይ ነበር።

ሰው ሲቀንስ ጠራኝ። «እቴ፣ አፉ በይኝ።»

«ምን አድርገኸኝ?»

«አፉ በይኝ።»

«ምንም አላደረግኸኝም! ጥፋት የሌለበትን ሰው አፉ ብዬ ጥፋተኛ ላደርግህ ነው?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምራቱ ከበሩ አጠገብ በዓይኗ ለመነችኝ። «ይበሉለት እንጂ፣ እትዬ» አለች በሹክሹክታ። እውነቱን ይዞ ይሂድ ብዬ ነበር የምከራከረው፤ እሱ ግን እውነት አልጠየቀኝም።

ትንሽ ቆይቶ ፊቱን ሳይመልስ ተናገረ። ድምፁ በጣም ደክሞ ነበር። «ያኔ ሳዝልሽ ወድጄ ነበር የማዝልሽ። ወላሂ ወድጄ ነበር። አሁን ግን ሳስበው ዕዳዬን ስከፍል የኖርኩ ይመስለኛል። እሱን አውርጂልኝ።»

እጁን ያዝኩት። «አፉ ብዬሃለሁ» አልኩት። «በዱንያም በአኼራም አፉ ብዬሃለሁ። አንተም ትከሻህን አፉ በለኝ።»

ፈገግ ያለ መሰለኝ። ብዙም አልቆየ፣ ሄደ። በእኛ ዘንድ ሴት ከጀናዛ ጋር መቃብር አትወርድም፤ ከቁርቁራው ሥር ቆሜ ወንዶቹ በትከሻቸው ሲወስዱት አየሁ። በሰው ትከሻ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ያልኩትን ቃል መልሼ መላልሼ አስበዋለሁ። ቀለለው ብዬ እጽናናለሁ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ወንድሜ ምንም ሳያጠፋ ይቅርታ ተቀብሎ ሞተ እላለሁ፤ ያን ጊዜ አንጀቴ ያርራል። ክትባቱ በእኛ ልጅነት ቢኖር ኖሮ እኔ እሮጥ ነበር፣ እሱም እንደማንኛውም ወንድም ሲጣላኝና ሲታረቀኝ አድጎ፣ ከእኔ ላይ ምንም ሳይፈልግ ይሞት ነበር። ሰው ከንፈር የሚመጥጥልኝ ለእግሬ ነው። የእኔ ሐዘን ግን ለእሱ ነው።

ዘንድሮ ዘመቻው ሲመጣ ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። ከቁርቁራው ሥር፣ እሱ ይቀመጥባት በነበረችው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከታቢዎቹን ጠበቅሁ። የክትባት ሳጥን የያዘችው ልጅ ከአጥሩ ብቅ ስትል የወንድሜ የልጅ ልጅ ወንድሟን አዝላ ከቤት ወጣች። አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች። ሕፃኑም ሕፃን አይደለም፤ አንገቷን አንቆ ተንጠልጥሏል፣ ወደ አንድ ትከሻዋ አዘንብሏል።

«አውርጂው!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

ልጅቷ ቀጥ አለች። «ምን አጠፋሁ፣ እትዬ? ወድጄ እኮ ነው ያዘልኩት።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «ወደሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። አውርጂው ግን። በእግሩ ይሂድ።»

ጎንበስ ብላ አወረደችው። አቧራው ውስጥ ቆሞ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ አፉን ከፍቶ ወደ ከታቢዋ ሮጠ።